እግዚአብሔርን የሚፈራ መሪ በምን ይታወቃል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

በመቀሌ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ የዐፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት ያውቀዋል። በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት በድንጋይ የታነጸው ይህ ቤት ጌታውን ከሸኘ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦር ሜዳ ወደቁ፤ ግንቡ ግን ቆሞ ቀረ። እኛም በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር አንድ ነገር እናስባለን፤ ሹመት እንደዚህ ቤት ነው። ሹሙ ያልፋል፤ የሠራው ሥራ ግን ከኋላው ቆሞ ወይ ይመሰክርለታል፣ ወይ ይመሰክርበታል።

ስለ መሪነት በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ነገሥታትና ስለ ጳጳሳት ብቻ ነው። ነገር ግን የደብር አለቃም መሪ ነው፤ ገበዙም፣ የንስሐ አባቱም፣ የሰበካ ጉባኤው አባልም፣ በቤታቸው ያሉ አባትና እናትም ሁሉ እያንዳንዳቸው የሚጠየቁበት መንጋ አላቸው። ፍትሐ ነገሥት በ51 አንቀጽ ተከፍሎ ሲጻፍ ስለ ጳጳሳትና ስለ ቀሳውስት የሚናገረው በፊተኛው ክፍል፣ ስለ ነገሥታት የሚናገረው በኋለኛው ክፍል ተመድቧል፤ ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ መታሰራቸው ግን የክህነትም ሆነ የመንግሥት ሹመት በአንድ ዳኛ ፊት የሚያስጠይቅ መሆኑን ያሳስበናል። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን ከሀገራችን ታሪክ ምሳሌ እያመጣን፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ መሪ የሚታወቅባቸውን ስድስት ጠባያት እንመለከታለን። ከምሳሌዎቹም በጎውን እንድንከተለው፣ ስሕተቱንም እንድንጠነቀቀው ሁለቱን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

፩ኛ. ሹመትን አያሳድድም

በአራተኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት የጢሮስ ወጣቶች ከአስተማሪያቸው ጋር በቀይ ባሕር ሲጓዙ በባሕሩ ዳር አደጋ ደረሰባቸው፤ ባልንጀሮቻቸው ተገድለው እነርሱ ተማርከው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። ንጉሡም ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስን የመዝገቡና የጽሕፈቱ ኃላፊ አደረጋቸው። በሚሞትበትም ጊዜ ነጻ አወጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲረዷት ስለ ለመነቻቸው ቆዩ። አልጋ ወራሹ አድጎ መንግሥቱን በተረከበ ጊዜ ኤዴስዮስ ወደ ዘመዶቹ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄደ።

የሄደበትን ምክንያት ልብ እናድርግ። ለራሱ ሹመት ሊለምን አልሄደም፤ በአክሱም ያሉት ምእመናን እረኛ የላቸውምና ጳጳስ ይላክላቸው ብሎ ሊያመለክት ነው የሄደው። ሊቀ ጳጳሳቱ ቅዱስ አትናቴዎስም ነገሩን ከሰማ በኋላ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የሚሻል ሰው እንደማይገኝ አይቶ፣ እርሱኑ ጵጵስና ሾሞ መለሰው። እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምናከብረው ይህንኑ አባት ነው። እንግዲህ የሀገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ ለሕዝቡ እረኛ ሲፈልግ ሳለ ሹመት ያገኘው ሰው ነው።

ዛሬስ? ደጅ መጥናትና እጅ መንሻ ማቅረብ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንኳ አልተሰማም ለማለት እንደፍራለንን? ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በገንዘብ ሊገዛ በፈለገ ጊዜ ቅዱስ ጴጥሮስ እንዴት እንደ ገሠጸው የሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ይነግረናል። በገንዘብ የተሾመ ሰው ያወጣውን ለመመለስ ሲል መንጋውን መሸለቱ የማይቀር ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የሀገራችን ብሂል የተወለደው ከዚህ ክፉ ልማድ ነው፤ ለክርስቲያን ግን ሊቆጨው የሚገባ ሲሾም ያላበላው ድኻ ነው።

፪ኛ. ምክር ይሰማል፤ ሥልጣኑንም ያካፍላል

ሊቀ ነቢያት ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ባየው ጊዜ አማቱ ዮቶር እንዲህ ያለው አሠራር ዳኛውንም ባለ ጉዳዩንም የሚያደክም መሆኑን ነግሮት ነበር። ሙሴ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ያነጋገረ ሆኖ ሳለ የአማቱን ምክር አልናቀም፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን ሾመ (ዘፀ. 18)።

ዐፄ ዮሐንስ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ከነገሡ በኋላ የያዙት አሠራር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ ልቼ በተባለው ስፍራ፣ ምኒልክ እንደ ልማዱ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ለመገዛት በቀረቡ ጊዜ፣ ዐፄ ዮሐንስ ይቅር ብለው የሸዋን ንጉሥነት አጸኑላቸው። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው በጎጃም አነገሡ። ንጉሠ ነገሥት መባል ትርጉም የሚኖረው ከበታች ነገሥታት ሲኖሩ ነውና፣ የሌላው ክብር የእርሳቸውን ክብር የሚቀንስ አልመሰላቸውም።

በቤተ ክርስቲያንም ነገር እንዲሁ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ለዚህ ሁሉ ሰፊ አገር ከግብጽ የሚመጣው ጳጳስ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ እርሱ ባረፈ ጊዜ ዲያቆን የሚሆነው ልጅ ቀሪ፣ ታቦት የሚባርክ ጠፊ ይሆን ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ከእስክንድርያ አራት አባቶችን፣ አቡነ ጴጥሮስን፣ አቡነ ማቴዎስን፣ አቡነ ሉቃስንና አቡነ ማርቆስን አስመጥተው በየአውራጃው እንዲያገለግሉ አደረጉ። ይህ ሥራ ኋላ ኢትዮጵያ ከራሷ ልጆች ጳጳሳትን፣ በ1951 ዓ.ም.ም የመጀመሪያውን ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስን እስክታገኝ ድረስ ለተደረገው ረጅም ጉዞ አንድ እርምጃ ሆነ።

ሁሉን ቁልፍ በራሱ መታጠቂያ ላይ የሚያስር የደብር አለቃ፣ መዘምራኑ እንዲሠሩ የማይፈቅድ፣ የወጣቶችን አሳብ ከመስማቱ በፊት የሚያፈርስ አስተዳዳሪ ከዚህ ይማር። እርሱ በታመመ ቀን ደብሩ አብሮ ይታመማል፤ እርሱ በሞተም ቀን የሚረከበው አይገኝም።

፫ኛ. በግድ አያሳምንም

አሁን ከዚያው ንጉሥ ታሪክ ወደ አስቸጋሪው ክፍል ደረስን። በ1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱን ከፍሎ የነበረውን ክርክር ለማቆም የተሰበሰበ ነው። ከእስክንድርያ የመጣው መልእክት ተነቦ፣ ክርክሩ ተሰምቶ፣ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና። ይህን ቤተ ክርስቲያን በምስጋና ታስበዋለች።

ይሁን እንጂ ከዚያ ቀጥሎ የወጣው ትእዛዝ በሹመት ላይ ያሉት የእስልምና ተከታዮች በተወሰነላቸው ጊዜ እንዲጠመቁ፣ ያለዚያ ሹመታቸውን እንዲለቁ የሚያስገድድ ነበር፤ ግዳጁም በሹማምንቱ ላይ ሳይወሰን ወደ ሕዝቡ ወረደ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ነገር ግን ብዙዎች ውኃው በራሳቸው ላይ ሲፈስ ልባቸው በቀድሞ ሃይማኖታቸው ጸና፤ ሌሎችም አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ ሼህ ጠልሃን የመሰሉትም ሸፈቱ፤ በወሎም ደም ፈሰሰ። ንጉሡ በጾምና በጸሎት የታወቁ፣ ለሃይማኖታቸው ቀናተኛ የሆኑ ሰው ነበሩ። ስሕተቱም ከቅንዓታቸው ማነስ አልመጣም፤ ቅንዓቱ ትዕግሥትን ስለ ቀደመ መጣ እንጂ።

ጌታችን ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎች ወደ ኋላ በተመለሱ ጊዜ፣ ዐሥራ ሁለቱን እናንተም ልትሄዱ ትወዳላችሁን ብሎ ጠየቃቸው እንጂ በሩን አልዘጋባቸውም (ዮሐ. 6)። መንጋ በበትር ወደ በረት ሊገባ ይችላል፤ ልብ ግን በበትር ወደ እምነት አይገባም። ይህንንም የምንናገረው አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬም በልጆቹ ላይ ጾምን በዱላ የሚያስከብር አባት፣ ተነሳሒውን በማስፈራራት ብቻ የሚይዝ የንስሐ አባት ከእኛ መካከል አለና ነው። እንዲህ ያለው ሰው ለጊዜው መታዘዝን ያገኛል፤ ልጁ ከቤት በወጣ ቀን ግን ምን እንደሚከተል ሁላችንም አይተናል።

፬ኛ. ሲበድል ይጸጸታል፤ ይቅርታም ይጠይቃል

በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና በዐፄ ዮሐንስ መካከል በተነሣው ጥል የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት የጎጃምን አገር አጠፋ። የነገሥታት ጥል የወደቀው በገበሬው ጎተራና በገበሬው ከብት ላይ ነበር። ከዚያው ዓመት በፊት፣ በ1880 ዓ.ም.፣ ድርቡሾች ጎንደርን ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ማቃጠላቸውን ስናስብ፣ ከውጭ የመጣው እሳት ሳይበርድ ከውስጥ ሌላ እሳት መለኮሱ እንዴት ያለ ኀዘን እንደ ሆነ እንረዳለን።

መሪ የማይሳሳት ሰው አይደለም፤ ቅዱስ ዳዊትም ተሳስቷል። ዳዊትን ከሳኦል የለየው ነቢዩ ናታን ጥፋቱን በነገረው ጊዜ ያደረገው ነገር ነው። ሳኦል ጥፋቱ ሲነገረው በሕዝቡ አመካኘ፤ በሽማግሌዎች ፊት እንዲከበርም ለመነ። ዳዊት ግን በደሌ ነው አለ (2ሳሙ. 12)። ንጉሥን ንጉሥ ያደረገው ዘውዱ ከሆነ፣ ዳዊትን ዳዊት ያደረገው እንባው ነው።

በዘመናችን የሆነውን ሳንጠቅስ ብናልፍ ትምህርታችን ጎዶሎ ይሆናል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ላይ የወረደው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተደረገው ስምምነት እስኪቆም ድረስ፣ ካህናትና ምእመናን ያለቁበት፣ ገዳማትና አድባራት የተጎዱበት ጊዜ ነበር። ከዚህም ጋር በትግራይ ያሉ አባቶችና በአዲስ አበባ ያለው ቅዱስ ሲኖዶስ ተለያዩ፤ በመከራው ጊዜ ድምፅ አልተሰማልንም የሚለው ኀዘን የመለያየቱ ሥር ነበር። በ2015 ዓ.ም. ቅዱስ ሲኖዶስ የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ መጠየቅ ለመሪ ውርደት አይደለም፤ ዘግይቶም ቢሆን መልካም ነው። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ይቅርታ የጠየቀ ሰው የተበደለው ወዲያው እንዲስቅለት አይጠብቅ። የተሰበረ አጥንት እንኳ በአንድ ሌሊት አይገጥምም። ጠያቂው መታገሥ፣ ተጠያቂውም በሩን ለዘላለም አለመዝጋት ይገባዋል። በሁለቱም ወገን ያለው እረኛ ይህን ቢያውቅ መንጋው አንድ የሚሆንበት ቀን ይቀርባል።

፭ኛ. ሒሳብ ይሰጣል

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እያሰበ ሌሎች የታመኑ ወንድሞችን አብረው ላከ (2ቆሮ. 8)። ሐዋርያው ሌባ ተብሎ የሚጠረጠር አልነበረም፤ ነገር ግን ሰውን ከጥርጣሬ ማዳንም የፍቅር ሥራ መሆኑን ያውቅ ነበር። በሀገራችንም በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አብረው የቤተ ክርስቲያንን ሀብት እንዲያስተዳድሩ ማድረጉ ከዚሁ አሳብ ጋር የሚስማማ ነው።

እኛ በወጣትነታችን ባገለገልንባት በአንዲት የገጠር ደብር የሆነውን እናስታውሳለን። አስተዳዳሪው ቃሉ የጣፈጠ፣ በቅዳሴውም የማይታክት ሰው ነበር። የሙዳየ ምጽዋቱን ቁልፍ ግን ለማንም አይሰጥም፤ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ የጠየቀውንም ሁሉ በተዳፋሪነት ይከሰው ነበር። እኛም ከሚጠይቁት ወገን አልነበርንም፤ ፈርተን ዝም አልን። ሰውየው በእርግጥ ያጎደለው ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አናውቅም፤ መዝገብ አልነበረምና። ነገር ግን ምእመናኑ ከዓመት ወደ ዓመት ዐሥራታቸውን ማስቀረት ጀመሩ፤ ጣራውም ማፍሰስ ያዘ፤ በመጨረሻ ታቦቱ ላይ ውኃ እንዳይወርድ በሸራ የተሸፈነበት ክረምት መጣ። ያን ጊዜ የተማርነው ይህ ነው፤ ጥሩ ስም ያለው ሰው እንኳ ሒሳቡን ከሸሸገ የሚጎዳው የራሱን ስም ብቻ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ቤት ነው። የእኛም ዝምታ ከዚያ ጥፋት ድርሻ አለው።

፮ኛ. በመከራ ቀን ከመንጋው አይለይም

ቅጥረኛው ተኩላ ሲመጣ ይሸሻል፤ እውነተኛው እረኛ ግን ነፍሱን ስለ በጎቹ እንደሚሰጥ ጌታችን አስተምሮናል (ዮሐ. 10)። ዐፄ ዮሐንስ ብዙ ስሕተት የሠሩ ቢሆኑም፣ በመጨረሻው ቀናቸው ከሠራዊታቸው ፊት እንጂ ከኋላ አልተገኙም፤ በመተማ ቆስለው ሞቱ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ እጅ በወደቁ ጊዜ አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ ስላሉ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። የአንዱ ሞት የንጉሥ፣ የሌላው የጳጳስ ነው፤ ሁለቱም ሲሸሹ አልተገኙም።

ነገር ግን ከእኛ ለብዙዎቻችን የሚመጣው መከራ በጥይት ፊት መቆም አይደለም። ከመንጋው አለመለየት ማለት ምን እንደ ሆነ በቅርቡ ዘመን በመቀሌ አይተናል። ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ከምዕራብና ከሌላም ስፍራ የተፈናቀሉ ወገኖች በከተማዪቱ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ከእነርሱ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ልንጠይቅ ሄደን አንዲት እናት አገኘን። እኛ የጠበቅነው እህል እንድትለምነን ነበር። እርስዋ ግን፣ «አባታችን፣ የንስሐ አባቴ በሕይወት ይኑር ይሙት አላውቅም፤ እኔ ብሞት ማን ይፈታኛል?» አለችን። መልስ አጥተን ቆምን። በዚያ ግቢ ከአንድ ወር በላይ ተቀምጣ ሳለ ነፍስዋ የማን እንደ ሆነች የጠየቃት ካህን አልነበረም፤ እኛም እስከዚያ ቀን አልጠየቅንም።

በማግሥቱ ከአጥቢያው አንድ ወጣት ቄስ አንድ ደብተር ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ የእያንዳንዱን ቤተ ሰብ ስም፣ ከየት እንደ መጣ፣ የንስሐ አባቱ ማን እንደ ነበር፣ ሕፃን ያልተጠመቀ፣ የሞተበትም ሳይፈታ የቀረ መኖሩን ይጽፍ ጀመር። አለቃው አላዘዘውም፤ ደመወዝም በዚያ ወራት አልነበረም። በደብተሩ ላይ ስማቸው የተጻፈው ሁሉ እንጀራ አላገኙም፤ ነገር ግን በስማቸው የሚጠራቸው አባት አገኙ። መልካም እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራል መባሉ በዚያ ደብተር ላይ ተፈጽሞ አየነው። ያ ቄስ የተሾመ አለቃ አልነበረም፤ በዚያ ግቢ መሪ የነበረው ግን እርሱ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አባቶችና ምእመናን፣ የተናገርነውን በአጭር ቃል እንሰብስበው። ሹመት ሲመጣ የሚፈራው፣ ምክርን የሚሰማውና ሥልጣኑን የሚያካፍለው፣ ሰውን ወደ እውነት በትዕግሥት የሚመራው፣ በደሉን የሚናዘዘው፣ ሒሳቡን የሚያሳየው፣ በመከራም ቀን ከሕዝቡ ጋር የሚገኘው፣ እርሱ እግዚአብሔርን የሚፈራ መሪ ነው። ከእነዚህ ከስድስቱ ሁሉ የተሟላለት ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ማታ ከመተኛታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ ዛሬ ከተሰጠኝ መንጋ የማንን ስም አላውቅም? የማንን ምክር ሳልሰማ ሰደድሁ? ማንን አስፈራርቼ አሳዘንሁ? ይቅርታ ልጠይቀው ሲገባኝ ያሳለፍሁት ማን ነው? መልሱን ካገኘን፣ ነገ የሚጠብቀንን ሥራ አገኘን ማለት ነው።

የነገሥታት ቤት ሲፈርስም ሲቆምም ጌታው አልፏል። የእረኞች አለቃ ክርስቶስ በሚገለጥበት ቀን ግን እያንዳንዱ ጠባቂ በመንጋው መካከል ቆሞ ይጠየቃል። ያን ቀን ስማችንን ከእርሱ ከሚያውቁ፣ በጎቻቸውንም በስም ከሚያውቁ እረኞች ጋር ይደምርልን። ለሀገራችን ሰላምን፣ ለቤተ ክርስቲያናችን አንድነትን ይስጥልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።